የሳምንት ስንቅ

ስንቅ ሳይዝ ሩቅ መንገድ የሚጀምር ሰው፥ በሁለተኛው ቀን የሰው እጅ ማየቱ አይቀርም። የሀገራችን ሰው ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ስንቁን ይዞ የወጣው ከየቤቱ ነበር። የመንገደኛና የዘማች ስንቅ የሚባለውም በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ቋንጣ፥ ድርቆሽና ጭኮ ነው። የእነዚህን ምግቦች ጠባይ ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ይኸውም ድካሙ ሁሉ አስቀድሞ በቤት፥ በሰፊ ጊዜ ያለቀ መሆኑን ነው። በመንገድ ላይ የሚቀረው በሶውን በውሃ መበጥበጥ ወይም ከአቅማዳው መዝገን ብቻ ነው። መንገደኛው በደከመበት ሰዓት እንዳይቸገር፥ ባልደከመበት ሰዓት ታስቦለታል።

በዛሬው ዘመን በከተማ የሚኖር ሠራተኛ ቤተ ሰብ የሚሄድበት ረጅም መንገድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ሳምንት ነው። አባትም እናትም ማለዳ ይወጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ዳሩ ግን በመኪና ተራ የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ በላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ወላጆች ደክመው፥ ልጆችም ተርበው በአንድ ቤት ሲገናኙ፥ «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ጠዋት ቢነሣ ቀላል ነበር፤ ማታ ሲነሣ ግን የቤቱን ሰላም የሚያናጋ ነገር ይሆናል። እናት ኮቷን ሳታወልቅ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች፤ ልጆች ዳቦ ቆርሰው ሆዳቸውን ያታልላሉ፤ ወጡ ሲደርስ ትንሹ ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል። ስለዚህ የጎደለው እህል አይደለም፤ ስንቅ ነው።

ክቡራን አንባብያን ልብ እንዲሉት የምንወድደው፥ የምግብን ሥራ አስቀድሞ መጨረስ ከውጭ ሀገር የመጣ አዲስ ብልሃት አለመሆኑን ነው። የኢትዮጵያ ማጀት ከጥንትም የተመሠረተው በዚሁ ነው። በርበሬው በበጋ ፀሐይ ሲጸና ተቀንጥሶ፥ ታጥቦ፥ ከቅመሙ ጋር ተደልዞ፥ ደርቆና ተፈጭቶ ለዓመት ይቀመጣል። ሽሮውም እህሉ ተቀቅሎ ወይም ታምሶ፥ ተከክቶና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ይቀመጣል። ቅቤው በእሳት ተነጥሮ ውሃው ሲወጣለት ብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቆያል። የእነዚህ ሁሉ ምሥጢር አንድ ነው፤ ምግብን የሚያበላሸው ረቂቅ ነፍሳት ያለ እርጥበት አይራባም። ስለዚህ እርጥብ ማንኪያ ወደ በርበሬው ዕቃ የከተተ ሰው የዓመቱን ድካም በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል። እንግዲህ እናቶቻችን ለዓመት ያሰቡትን እኛ ለሳምንት ማሰብ ቢያቅተን ምክንያታችን ምንድር ነው?

የመጀመሪያው ሥራ በወረቀት ላይ የሚሠራ ነው። ዓርብ ማታ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የሚመጣውን ሳምንት ምግብ በየቀኑ ይጻፉ። ጾም በሚጠበቅበት ቤት ግማሹን ሥራ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ሠርቶታል፤ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደማይበላ የታወቀ ነውና። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን፥ በፍልሰታም ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15ቱን ቀን ዝግጅቱ ሁሉ የጾም ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ዝርዝሩ ይለወጣል። የእስልምና ተከታይ የሆነ ቤተ ሰብም በረመዳን የማፍጠሪያውንና የስሑሩን ምግብ እንዲሁ ለይቶ አስቀድሞ ቢያስብ ድካሙ ይቀልለታል።

ለምሳሌ ያህል በተራው ሳምንት ሰኞ የአትክልት አልጫ፥ ማክሰኞ ምንቸት አብሽ፥ ረቡዕ ሽሮ ከጎመን ጋር፥ ሐሙስ የቋንጣ ፍርፍር፥ ዓርብ የምስር ወጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ዝርዝር በማጀቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፥ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ጠያቂ ሳይሆን ጀማሪ ይሆናል። ገበያም የሚወጣው በዝርዝሩ ስለሆነ አላስፈላጊ ግዢ ይቀራል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ያለውን ሳያውቅ ለሚገዛም ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ቁሌት ነው። የወጥን ጊዜ የሚበላው ሽንኩርቱን መክተፍና ማቁላላት መሆኑን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ቁሌት በአንድ ጊዜ መሥራት ነው። ለአምስት ሰው ቤተ ሰብ ሦስት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በሰፊ ድስት ይጣዳል። በመጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እየተማሰለ ይቁላላል፤ ውሃው ሲመጥ ዘይት፥ ቀጥሎም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ለአልጫ የሚሆነው ይቀነስና እርድ ይደረግበታል። በቀረው ላይ በርበሬው ተጨምሮ፥ እንዳያርር ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ እየተደረገ፥ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ ይበስላል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቅቤ በቁሌቱ ውስጥ አይግባ። ቅቤው በፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል የሚጨመር ከሆነ፥ ያው አንዱ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ያገለግላል። ቁሌቱ ለየቀኑ በሚበቃ መጠን በየዕቃው ተከፍሎ፥ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ዓርብ ማታ የሚቀረው ምስሩን አጥቦ በቁሌቱ ላይ መጨመርና እስኪበስል መጠበቅ ነው፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው።

ሦስተኛው እንጀራ ነው። ጤፍ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ በቆላ ፈጥኖ ይኮመጥጣል፥ በደጋ ይዘገያል። ስለዚህ ቅዳሜ ለሚጋገር እንጀራ ሊጡ ረቡዕ ማታ መቦካት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳና ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ አብሲት ይጣልበታል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። የተጋገረው ሳይበርድ ቢደራረብ ያልበዋል፤ ያላበው ደግሞ ፈጥኖ ይሻግታል። በርዶ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በመሶብ ከተቀመጠ ግን ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ የሚተርፈው በማቀዝቀዣ ገብቶ ለሐሙስ ፍርፍር ይሁን፤ ሳይሻግት በፀሐይ የደረቀውም ድርቆሽ ሆኖ ለሌላ ሳምንት ያገለግላል። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ቤተ ሰብም የሚገዛበትን ቀን ወስኖ ቢይዝ በየምሽቱ ከመሮጥ ይድናል።

አራተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ የጤና ጥንቃቄ ነው። አስቀድሞ የተሠራ ምግብ በደንብ ካልተያዘ ከረኀብ የከፋ ጉዳት ያመጣልና የሚከተለውን መጠበቅ ግድ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ በውጭ አይቆይ። በትልቅ ድስት እንዳለ ቢቀመጥ መካከሉ ቶሎ ስለማይበርድ፥ ጠለል ጠለል ባሉ ዕቃዎች ይከፈል። በተለምዶ ፍሪጅ የሚባለው ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፥ የበሰለ ወጥ በዚህ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚቆየው ፍሪዘር በሚባለው፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነው ክፍል ይግባ። ስለዚህ ቅዳሜ ከተሠራው ቁሌት የሰኞና የማክሰኞው በማቀዝቀዣ፥ የረቡዕ፥ የሐሙስና የዓርቡ በፍሪዘር ይሁን። ቅዳሜ የተገዛው ሥጋም ተከፋፍሎ በዚያው ይቀመጥ።

የረጋው ምግብ የሚፈታው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በማቀዝቀዣው ውስጥ ነው እንጂ በጠረጴዛ ላይ ተትቶ አይደለም። ሲሞቅም ለብ ብሎ ሳይሆን እስኪንተከተክ ድረስ ይሁን፤ አንድ ጊዜ የሞቀውን መልሶ ማስቀመጥ አይገባም። መብራት በጠፋ ጊዜ በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው ምግቡን አራት ሰዓት ያህል ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ልጆች ለማየት ብቻ በሩን እንዳይከፍቱ መከልከል ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተ ሰብ ደግሞ ወደ ደረቁ ስንቅ ያዘንብል። ምጥን ሽሮ፥ ቋንጣ፥ በሶና ድርቆሽ ያለ መብራት የሚቀመጡ ናቸውና በሥራ ቀን ምሽት አያሳፍሩም።

«ቀድሞ የተሠራ ምግብ ጣዕም የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ክትፎ ተሠርቶ አይቆይም፤ ሰላጣም በዕለቱ ካልተሠራ ይጠወልጋል። ዳሩ ግን ዶሮ ወጥ ባደረ ጊዜ ቅመሙ ይበልጥ እንደሚዋሐደው የቀመሰ ሁሉ ይመሰክራል። የሚያድረውንና የማያድረውን ለይቶ ማወቅ የባለሙያ ሥራ ነው። ደግሞም በጥድፊያ የተሠራ ወጥ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን፤ ሽንኩርቱ ያልበሰለ፥ በርበሬው ጥሬ የሆነ ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ማለት ይህ አይደለምን?

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን፤ እርሱም ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? የሚለው ነው። ሚስት እንደ ባሏ በመሥሪያ ቤት ውላ፥ የሳምንቱን ስንቅ ብቻዋን የምታሰናዳ ከሆነ፥ የሰኞን ድካም ወደ ቅዳሜ አዛወርነው እንጂ አላቃለልነውም። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213/1992፥ ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው፥ ለቤተ ሰባቸውም ደኅንነትና ለልጆቻቸው አስተዳደግ መተባበር እንደሚገባቸው ይደነግጋል። ይህ ሕግ በፍርድ ቤት ክርክር ጊዜ ብቻ የሚጠቀስ ሆኖ፥ በማጀት ግን የማይታወቅ ከሆነ ጥቅሙ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ገበያውን አባት ቢይዘው፥ ሽንኩርት መክተፉንም ቢጋራ፥ ክብሩ አይቀነስም። በዘመቻ በሶውን የበጠበጠ፥ ቋንጣውን የጠበሰ ወታደር ወንድ አልነበረምን? ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ምስር ይልቀሙ፥ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ፥ የዕቃውን ቀን ይጻፉ፤ ይህ ጽሕፈት መለማመጃም ይሆናቸዋል። የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤትም ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ላይ አይጫን። ዝርዝሩ ተነግሯት ሥራዋ በጊዜ ሲያልቅ፥ እርሷም በጊዜ ታርፋለች፤ ለትምህርት ወይም ለራሷ ጉዳይ የምታውለው ሰዓትም ታገኛለች። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለኀምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላልና፥ አንዲቱን ሴት የሚያጎብጠው ሥራ ለአምስት ሲካፈል የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልፈጽም የሚል ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ስለዚህ በትንሹ መጀመር ይሻላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁሌቱን ብቻ፥ በሁለተኛው ዝርዝሩን ጨምሮ፥ በሦስተኛው የልጆችን የትምህርት ቤት ምሳ አክሎ መሄድ ነው። ለምሳው ዕቃ ቶሎ የሚበላሽ የሥጋና የወተት ነገር ሳይሆን፥ እስከ ቀትር የሚቆይ እንደ ዳቦና የታጠበ ፍራፍሬ ያለ ነገር ይመረጥ።

የስንቅ ጥቅም የሚታወቀው ሲቋጠር አይደለም፤ ሲፈታ ነው። ሠራተኛ እናት ማክሰኞ ማታ ደርሳ፥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገበታው ቀርቦ፥ እጇን ታጥባ ከልጆቿ ጋር ስትቀመጥ ያን ጊዜ ይታወቃል። ትንሹ ልጅ ገና አልተኛም፤ የዋለበትን ያወራል። አባትም ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፥ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ስትደክም ለዋለችው እናት አስቀድሞ ያጎርሳታል።