የትምህርት ቤት ቦንድ ሲመጣ ቤታችሁ ስንት ይከፍላል?

ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ የድምፅ መስጫ ወረቀታችሁ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦንድ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በሒሳብ ምርመራ ሙያዬ ደጋግሜ የምመልሰው ጥያቄ «ቤታችን ስንት ይከፍላል?» የሚለው ነው።

ቦንድ ብድር ነው። የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ጣሪያ ለመቀየር፣ ላቦራቶሪ ለማደስ ወይም ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ለማጠናከር ይበደራል፤ ዕዳው ከነወለዱ የሚከፈለው ከአካባቢው የንብረት ግብር ነው። በ2000 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 39 ቦንድ እንዲያልፍ የሚያስፈልገውን ድምፅ ከሁለት ሦስተኛ ወደ 55 በመቶ ዝቅ አደረገው። በምትኩ ገደብ አበጀ፦ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የሚያስተዳድር ዲስትሪክት በአንድ ምርጫ ከየ100,000 ዶላር የንብረት ግምት በዓመት ከ30 ዶላር በላይ ለማስከፈል ማቀድ አይችልም።

ልብ በሉ፣ ግምቱ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደለም። በ1978 በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት መነሻው ቤቱ የተገዛበት ዋጋ ነው፤ በዓመት ቢበዛ 2 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በቅርቡ በ900,000 ዶላር የገዛ ቤተሰብ እስከ 270 ዶላር ሲደርስበት፣ ከብዙ ዓመት በፊት የገዛው ጎረቤቱ ለተመሳሳይ ቤት በጣም ያነሰ ይከፍላል። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያልተከፈሉ የቀድሞ ቦንዶች ካሉም ይደራረባሉ።

ገንዘቡ ለመምህራን ደመወዝ አይውልም። በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል፤ የነዋሪዎች ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ይቋቋማል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ኮሚቴው ውስጥም ሕጉ ለወላጅ ቦታ አስቀምጧል፤ እባካችሁ አመልክቱ።