የቅጂ መብት ጥበቃ የሳንሱር በር የሚከፍተው መቼ ነው?

እ.አ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ የከፈተ አንባቢ የጠበቀው ጥቁር ገጽ ነበር። ዊኪፒዲያ በተቃውሞ ለ24 ሰዓት ተዘጋ፤ ጉግልም አርማውን በጥቁር ሸፍኖ ፊርማ ሲያሰባስብ 7 ሚሊዮን ያህል ሰው ፈረመ። ይህን ሁሉ ያስነሱት የቅጂ መብት ጥሰትን ለመግታት ለአሜሪካ ኮንግረስ የቀረቡት ሶፓ እና ፒፓ የተባሉ ረቂቅ ሕጎች ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ተንጠልጥለው ቀሩ። ያነሱት ጥያቄ ግን ዛሬም እልባት አላገኘም።

ረቂቆቹ ያለምክንያት አልመጡም። የደከመበት ሥራ በነጻ ሲቸበቸብ የሚያይ ሙዚቀኛ ወይም ፊልም ሠሪ ቅሬታው እውነተኛ ነው። ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ሕግ፣ ባለመብቱ ሲያመለክት ሥራውን ወዲያው የሚያነሳ የኢንተርኔት ድርጅት ተጠያቂ እንዳይሆን ይደነግጋል። መቀመጫቸው ከአሜሪካ ውጭ የሆኑ ድረ ገጾች ላይ ግን ሕጉ በቀላሉ አይደርስም። ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ በፒፓ፣ የምክር ቤት አባሉ ላማር ስሚዝ በሶፓ ሊደፍኑ የሞከሩት ይህንን ክፍተት ነው።

ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነበር። የድረ ገጽን ስም ስንጽፍ፣ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ ቀይሮ የሚያደርሰን ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ነው። በረቂቆቹ መሠረት የኢንተርኔት አቅራቢዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይህን መንገድ ይቆርጣሉ። የሶፓ የመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህም አልፎ፣ ባለመብቱ ያለ ፍርድ ቤት በሚልከው ደብዳቤ ብቻ የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶች የተከሰሰውን ድረ ገጽ በ5 ቀን ውስጥ ገቢ እንዲያሳጡት ይፈቅድ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ለተገኘ ጥፋት ድረ ገጹ በሙሉ ሲቀጣ፣ ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። በኖቬምበር 2010 የአሜሪካ መንግሥት በቅጂ መብት ጥሰት ጠርጥሮ ዳጃዝ1 የተባለ የሂፕ ሆፕ ድረ ገጽን ስም ወረሰ። ባለቤቱ ለጥርጣሬው መነሻ ከሆኑት ዘፈኖች የተወሰኑትን ለማስተዋወቂያ የላኩለት የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች ራሳቸው መሆናቸውን የሚያሳዩ ኢሜይሎች ነበሩት። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ድረ ገጹ ያለምንም ክስ ተመለሰለት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንባቢውም ሥራውም ቀርቶበታል።

አውሮፓም በዚሁ ጥያቄ ተፈትናለች። የአውሮፓ ፓርላማ በጁላይ 2012 አክታ የተባለውን፣ የቅጂ መብት ጥሰትንም የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ478 ለ39 ድምፅ ውድቅ አደረገ። በ2019 ግን ትልልቅ የኢንተርኔት ድርጅቶች ያልተፈቀደ ሥራ እንዳይጫን አስቀድመው እንዲከላከሉ የሚያስገድድ መመሪያ አጸደቀ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2022 መመሪያውን ቢያጸናም፣ ሕጋዊውን ከሕገወጡ መለየት የማይችል ማጣሪያ ተቀባይነት እንደሌለው ገልጿል።

ጉዳዩ ከእኛም ደጅ ደርሷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የቅጂ መብትን ትጠብቃለች፤ ብዙ ድምፃውያንና ጋዜጠኞች ግን ከሕዝብ የሚገናኙት በዩቲዩብ ነው። በዚያ፣ በባለመብት አቤቱታ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ቅጣት የተመዘገበበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የሐሰት አቤቱታ የማይወዱትን ድምፅ ማፈኛ ሊሆን ይችላል።

የደራሲን መብት ለማስከበር የሌላውን አፍ መዝጋት ግድ አይደለም። ድረ ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ዳኛ ይየው፤ ባለቤቱ ይሰማ፤ እርምጃው ጥፋቱ በተገኘበት ሥራ ላይ ይወሰን፤ በሐሰት ያመለከተም ይጠየቅ። እነዚህን አራቱን ያላሟላ ሕግ፣ ስሙ የቅጂ መብት ቢሆንም፣ ሳንሱርን ይጋብዛል።