አማርኛውን የሚያበላሸው ማን ነው?

«ነፃው ሶፍትዌር የአማርኛ ደብዳቤ ያበላሻል» የሚለው ወሬ በየቢሮው እየዞረ አታክቶኛል። «የጀርመኗ ሙኒክ እንኳ ሞክራ ተወችው» ይከተላል። አዎ፣ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ነፃውን የቢሮ ሶፍትዌር ሊብሬኦፊስን 150 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮቹ ላይ ለመጫን ከሊብሬኢታሊያ ማኅበር ጋር መፈራረሙን ግን ማንም አያነሳም። ሰነዱ የሚጠፋበትን ሶፍትዌር ወታደር አይቀበልም።

አማርኛው የሚበላሽበት ምክንያት ሌላ ነው። ፋይል ውስጥ ፊደል የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። በዩኒኮድ «ሀ» 4608 ነው፤ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው በላዩ የግዕዝ ቅርጽ ያለብሱ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና የላቲን ዝብርቅርቅ ይወጣል። ወርድም ላይ ያው ነው።

ገጽ የሚፈርሰው ደግሞ በፎንት ስፋት ነው። ደብዳቤው ኒያላ በሚባለው ፎንት ተጽፎ ኒያላ የሌለበት ሊኑክስ ላይ ሲከፈት፣ ፕሮግራሙ ሌላ ፎንት ይተካል። የአዲሱ «መ» በፀጉር ስንጥቅ ይሰፋል፤ የመስመሩ የመጨረሻ ቃል ወደ ታች ይወርዳል፤ አንቀጹ አንድ መስመር ይጨምራል፤ በመጨረሻ ፊርማና ማኅተም ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ያድራሉ። አለቃው ይቆጣል፤ የሚወቀሰው ሶፍትዌሩ ነው። ለላቲኑ መላ ተገኝቶለታል፦ ካርሊቶ የካሊብሪን፣ ሊበሬሽን ሰሪፍ የታይምስ ኒው ሮማንን ስፋት በልክ ይዘው ተሠርተዋል። ለአማርኛ አንዱን ነፃ ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን፣ ላኪውም ተቀባዩም ዘንድ መጫን ነው።

ሁሉም ነገር ያለችግር ይሄዳል አልልም። ሒሳብ ክፍል በኤክሴል ማክሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ማክሮዎቹ አንድ በአንድ ሳይፈተሹ አይነካ። አንዳንዱ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል፤ እሱም ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል።

የአይቲ ኃላፊዎች፣ በዋጋ አትጀምሩ። መጀመሪያ ፎንቱን አንድ አድርጉ፣ በአሮጌው ኮድ የተቀመጡትን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፣ ከዚያ መዝገብ ቤቱን ብቻ አሻግራችሁ አንድ ወር እዩት።