ሰማንያው አንድ፣ ቁርባኑ ለየብቻ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ጣናን ቁልቁል ያያል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1597 ካረፉ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ የነገሥታቱ ቤት በሃይማኖት ተከፈለ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ተሰብከው በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በካቶሊክነት ከእርሳቸውም የባሱ ነበሩ። አማቻቸው ዩልዮስ ግን ቀደም ብለው በ1617 ለአባቶቻቸው ሃይማኖት ሸፍተው ሞተዋል።

በ1626 ሥልጣኑን የያዙት የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም እንዲካኑ አዘዙ። ትዕዛዙ በየቤቱ ምን ተብሎ እንደተሰማ መገመት አያስቸግርም፤ አያትህ የቆረበው ቁርባን አልነበረም ማለት ነው። በእኔ ግምት ጦርነቱን ያቀጣጠለው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከነበረው ረቂቅ ክርክር ይልቅ ይህ ነው።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ትዳር የፈረሰውም በዚያው ዘመን ነው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የንጉሡ ባለሟል ነበር። በ1672 የተጻፈው ገድሏ እንደሚለው፣ የተገደሉት የጳጳሱ የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ስትሰማ ከአልጋው ተለየች፤ ኋላም መነኮሰች። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ልጃቸውም የአባታቸውን ኢየሱሳውያን መምህራን ከአገር አስወጡ።

በዛሬው የጣና ዳርቻ ስለ ቁርባን ጦር የሚመዝ የለም፤ ጥያቄው ግን ከቤት አልወጣም። ከካቶሊኩ በተጨማሪ ፕሮቴስታንቱም መጥቷል። ደግሞም በአማራው አገር ቁርባን የእሑድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጋብቻም ስም ነው። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ቢፋቱ ዳኛና ሽማግሌ ይገላግላቸዋል፤ አብረው የቆረቡ ግን በሞት ካልሆነ አይለያዩም ይባላል። ስለዚህ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጴንጤ ወይም ካቶሊክ ሲሆን፣ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «በቁርባን ነው?» ብለው ነው። ኦርቶዶክሷ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም የእርሷ ልጆች ካልሆኑ አታቆርብም። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላልና ብዙዎች በዚያ ያልፋሉ። እናት ግን ሠርጉን ሙሉ አድርጋ አትቆጥረውም።

የዚህ አካባቢ ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ፤ ለማያውቅ ጆሮ ከኦርቶዶክሱ ቅዳሴ መለየት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የ1990ው የምሥራቃውያን ካቶሊኮች ቀኖና ኦርቶዶክስ ምእመን በፈቃዱ ጠይቆና ተዘጋጅቶ ከቀረበ ቁርባን እንዲቀበል ይፈቅዳል። ኦርቶዶክሷ ቤተ ክርስቲያን ግን ለካቶሊኩ ይህንኑ አትፈቅድም። ለፕሮቴስታንት የካቶሊኩ በር ይጠባል፤ ለሞት መቃረብ ወይም ሌላ ብርቱ ችግር፣ ከዚያም ጋር ስለ ቁርባኑ ካቶሊካዊ እምነት ያስፈልጋል። ፕሮቴስታንቶቹም ራሳቸው አንድ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ ሉተርን ተከትላ ክርስቶስ በኅብስቱና በወይኑ በእውነት አለ ትላለች፤ ቃለ ሕይወት የጌታን እራት መታሰቢያ አድርጋ ታያለች። ለካቶሊክ ሚስት የመካነ ኢየሱስ ባል ከቃለ ሕይወቱ ይልቅ በትምህርት ይቀርባታል፤ ማዕዷ ግን ከሁለቱም እንደተለየ ይቀራል።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮም ባለው የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ከካቶሊክ ባሏ ጋር መቁረብ አለመቻሏን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስትነግራቸው፣ ወደ ጌታ ጸልዩና ወደፊት ሂዱ ከማለት በቀር አዎ ወይም አይ አላሏትም።

ቤተሰቦች ሊቃውንቱን ሳይጠብቁ የራሳቸውን መላ ያበጃሉ። አንዱ ሌላውን እስከ ደጀ ሰላሙ ይሸኛል፤ በጾም ወራት ቤቱ ሁሉ የጾም ወጥ ይበላል። ይህ ለባልና ሚስት ዓመታት ሊያስኬድ ይችላል። ልጅ ሲመጣ ግን መላው ያልቃል። ካቶሊኩ፣ በላቲን ሥርዓት ከሆነ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ለመጀመሪያ ቁርባኑ ይጠብቃል፤ ቃለ ሕይወቱ አምኖ እስኪጠመቅ ይታገሣል። ኦርቶዶክሱ ሕፃኑን ባጠመቀበት ቀን ያቆርበዋል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ። አያትየዋም ቀኑን መቁጠር የምትጀምረው ገና ከአራስ ቤት ነው።