ሎተስ በቡይት ራስ፦ የቤት ውስጥ እርጥበት ፊዚክስ

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሳንቃበር የሚያቀና መንገደኛ ቡይት ራስ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። በክረምት ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ሽቅብ በወጣ ቁጥር እየቀዘቀዘ ሄዶ በገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ይሆናል፤ ጓሳው ይረጥባል፣ ጋቢም ይከብዳል። በጥር ወር ግን በዚያው ሥፍራ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የታጠበ ልብስ ፀሐይ ካገኘ በአጭር ጊዜ ይደርቃል። በእንዲህ ያለ አገር በቤት ውስጥ የውሃ አበባ ለማሳደግ የሚመኝ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የክፍሉን እርጥበት እንዴት ከፍ ላድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ለሎተስ ግን በአብዛኛው የተሳሳተ ጥያቄ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። በጣና ዳርቻ ረግረጎች በውሃው ላይ ተንሳፍፎ የሚታየው ቅጠሉ ስንጥቅ ያለው አበባ የኒምፊያ ወገን ነው፤ የጥንት ግብጻውያን «ሰማያዊ ሎተስ» እየተባለ የሚጠራውም ይኸው ነው። እውነተኛው ሎተስ፣ ማለትም ኔሉምቦ፣ የእስያ ተክል ሲሆን ክብ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሁለቱ በዝምድና እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ለመሆኑ በደጋ አገር የቤት ውስጥ አየር ለምን ይደርቃል? አየር የሚሸከመው የውሃ ተን መጠን በሙቀቱ ይወሰናል። በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር በተን ሲጠግብ 6.8 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን 17.3 ግራም። እንግዲህ ምሽት ላይ ውጭ 5 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ነው እንበል። ይህ አየር በበርና በመስኮት ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ የያዘው ውሃ አይጨምርም፤ የመሸከም አቅሙ ግን ይጨምራል። አንጻራዊ እርጥበቱም ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። አንዳንድ ተማሪዎች ምክንያቱ ከፍታው ራሱ እንደሆነ ያስባሉ፤ አይደለም። የጠገበ ተን ግፊት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ የከባቢ አየርን ግፊት አይደለም። ከፍታው የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ በቡይት ራስ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ የተን ሞለኪውሎች በአየሩ መካከል አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ፈጥነው ይሰርጋሉ። ውሃ እዚያ በ89 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ የግፊት ማነስ ምክንያት ነው፤ ንፍሮ የሚቀቅል ሁሉ ያውቀዋል።

እርጥበቱን ከፍ ማድረግ ምን ያስከፍላል? ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር አለው። ከ30 ወደ 70 በመቶ ለማድረስ የሚያስፈልገው ውሃ 280 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከሁለት የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ችግሩ አየሩ አለመቆየቱ ነው። የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ በውጭ አየር ቢተካ፣ ያው 280 ግራም በየሰዓቱ መትነን አለበት፤ ይህም በቀን ወደ 7 ሊትር ይጠጋል። ለትነት ብቻ የሚሄደው ኃይል ሌት ተቀን 190 ዋት ያህል ነው፤ ሦስት የ60 ዋት አምፖሎችን ሳያጠፉ እንደ ማብራት ነው። በከሰል ወይም በማገዶ ጀበና ጥዶ ይህን ለማድረግ የሚነሣ ሰው ከብሔራዊ ፓርክ ጥግ ላይ እንደሚኖር አይዘንጋ፤ የአስታ ዛፍ ለሎተስ እንፋሎት ሊነድ አይገባውም። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሰው ይገድላል።

ሌላም ዕዳ አለ። 20 ዲግሪ ሆኖ 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ገጽ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በስሜን ሌሊት የቆርቆሮ ጣሪያና የመስኮት መስታወት ከዚህ በታች ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ በብዙ ድካም የተነነው ውሃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ግድግዳውንም ሻጋታ ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈልለት ሎተስ ግን እርጥብ አየር አይሻም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ሥረ ግንዱ የተቀበረው ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ በመሆኑ ከላይ አየር ሊላክለት ይገባል። በሎተስ ቅጠል ውስጥ ስለሚደረገው የአየር ጉዞ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ራፈኖ ዴሊል እ.ኤ.አ. በ1841 ጽፎ ነበር፤ ፊዚክሱን ግን በደንብ ያብራራው ጆን ዴሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሌላ የውሃ አበባ፣ በ1987 ደግሞ በራሱ በሎተስ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች በተን የጠገቡ ናቸው፤ ከውጭው የሚለያቸውም እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ክፍል ነው። ጠቅላላ ግፊቱ በውስጥም በውጭም እኩል ነው ብለን እንነሣ። በውስጥ ተን የያዘው ድርሻ ከውጭው ስለሚበልጥ ለናይትሮጅንና ለኦክስጅን የሚተርፈው ድርሻ ያንሳል፤ የዳልተንን ሕግ ያስታውሷል። ስለዚህ እነዚህ ጋዞች ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። ተኑም በበኩሉ ይወጣል፤ ነገር ግን የወጣው ፀሐይ በምታሞቀው ቅጠል ውስጥ ወዲያው በትነት ይተካል። በዚህ ምክንያት የውስጡ ግፊት ከውጭው ይበልጥና አየሩ በቅጠሉ ዘንግ ቦዮች ቁልቁል ይነፍሳል፤ ሥረ ግንዱን አድርሶም በሌሎች ቦዮች ተመልሶ በቅጠሉ መካከል ባሉ ትላልቅ ቀዳዳዎች ይወጣል። ተክሉ ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል የሚሠራ ፓምፕ አለው ማለት ነው። በግሌ በዕፅዋት ዓለም ከዚህ የሚያምር የጋዞች ሕግ ምሳሌ አላውቅም።

የፓምፑ ጉልበት ጣሪያ በውስጥና በውጭ ተን ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ20 ዲግሪ የውስጡ 2,340 ፓስካል ነው። ክፍሉ 30 በመቶ ሲሆን የውጭው 700 ስለሆነ ልዩነቱ 1,640 ፓስካል ይሆናል፤ እርጥበቱን 70 በመቶ ብናደርሰው ወደ 700 ይወርዳል። አየሩ ስለሚያመልጥ በተክሉ ላይ የሚገኘው ግፊት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ክፍሉን በእንፋሎት የሚሞላ ሰው የተክሉን ሳንባ ያዳክማል።

ታዲያ ደረቅ አየር ምንም ጉዳት የለውም? አለው፤ የሚጎዳው ግን በቅጠሉ በኩል ሳይሆን በገንዳው በኩል ነው። ውሃ ሲተን ይቀዘቅዛል። በቡይት ራስ ግፊት፣ በ20 ዲግሪና በ30 በመቶ አየር፣ ነፋስ የሚያገኘው እርጥብ ጨርቅ እስከ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ክፍት ገንዳ ያን ያህል ባይወርድም አቅጣጫው ወደዚያው ነው፤ ሎተስ ደግሞ ሞቅ ያለ ውሃ ካላገኘ አያድግም። አበባው እንኳ ራሱን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ እንደሚያሞቅ፣ አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድም ሙቀቱን እንደሚጠብቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሮጀር ሲሞርና ፖል ሹልትሰ ሞተል በአውስትራሊያ አሳይተዋል። ገንዳውን ግን ሊያሞቅ አይችልም።

ስለዚህ ሊደከምበት የሚገባው የክፍሉ አየር ሳይሆን የውሃው ገጽ ነው። ዘንጎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ የተበጀለት ላስቲክ በውሃው ላይ ሲዘረጋ ትነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቆያል። ገንዳው ጥቁር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ይቀመጥ፤ ሌሊት በብርድ ልብስ ይሸፈን። ቅጠሎቹ ከላስቲኩ በላይ፣ በደረቁ አየር ውስጥ ይቆያሉ።

ይህን በትምህርት ቤት ለመሞከር ለሚፈልጉ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። እርጥበትን በሁለት ቴርሞሜትሮች መለካት ይቻላል፤ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለቱንም ማራገብና ልዩነታቸውን ከሰንጠረዥ ማየት ነው። በመጻሕፍት የሚገኙት ሰንጠረዦች ግን በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ግፊት የተሠሩ ናቸው። በቡይት ራስ ደረቁ ቴርሞሜትር 20፣ እርጥቡ 9.4 ቢያሳይ ሰንጠረዡ 20 በመቶ ይላል፤ እውነተኛው 30 በመቶ ነው። ለማረም በቀመሩ ውስጥ የሙቀት ልዩነቱን የሚያባዛውን 67 ፓስካል በዲግሪ ወደ 45 ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ለደባርቅ፣ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ፣ 48 ይወሰዳል።