ባሕሩ ባዶ መሆኑን ማን ይመሰክራል?

የባሕር ፈንጂ ከሚያሰምጠው መርከብ የሚያሸሸው ይበልጣል። አንዱ ከፈነዳ ሌላ ኖረም አልኖረም፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ካፒቴኑ መንገዱን ይቀይራል፤ የመድን ዋጋም ይንራል። ስለዚህ ፈንጂ ጠራጊው ካፒቴኑንም ማሳመን አለበት።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የሰሜን ቬትናምን የሃይፎንግ ወደብ በፈንጂ ዘጋች፤ በ1973ቱ የፓሪስ ስምምነት ደግሞ ራሷ ልታጸዳው ግዴታ ገባች። ለዚህም ከመርከቦቿ ጋር ማርክ 105 የተባለውን መሣሪያ የሚጎትቱ ሄሊኮፕተሮችን አሰማራች። መሣሪያው ፍጥነት ሲያገኝ ከሥሩ ባሉት ክንፎች ከውሃው ብቅ ብሎ ይንሸራተታል። ጀኔሬተሩ ከኋላው በሚጎተቱ ኬብሎች ወደ ጨዋማው ውሃ ኤሌክትሪክ ሲለቅ የትልቅ መርከብን የሚመስል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ፈንጂው መርከብ መጣ ብሎ ሲፈነዳ ሄሊኮፕተሩ ከላይ ነው። በድምፅ ለሚነቁ ፈንጂዎች ድምፅ ፈጣሪ፣ በገመድ ለታሰሩት ደግሞ መቁረጫ ይጎተታል።

ለወራት ተጠርጎ በጠረጋው የፈነዳው ግን አንድ ፈንጂ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ጊዜያቸው ሲደርስ በራሳቸው እንዲፈነዱ ወይም እንዲመክኑ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ቢሆንም ይህን በባሕሩ ላይ ሳይመላለሱ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። አንዳንድ ፈንጂ ብዙ መርከብ አሳልፎ ከዚያ በኋላ እንዲፈነዳ ይስተካከላል፤ አንድ ጊዜ ያለ ችግር የታለፈበት መስመር ጸድቷል አይባልም። ስለዚህ በዚያው መስመር ደጋግሞ መመላለስ የግድ ነው።

በ1984 ቀይ ባሕር ላይ ፍርሃቱ ዳግም ታየ። አሰብና ምጽዋ ገና የኢትዮጵያ ወደቦች በነበሩበት በዚያ ዓመት ከ15 በላይ መርከቦች ምንጩ ባልታወቀ ፍንዳታ ተጎዱ። የጥርጣሬ ጣት በሊቢያዊቷ «ጋት» መርከብ ላይ ተቀሰረ። የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮችና የበርካታ አገሮች መርከቦች ፍለጋ ገቡ፤ የብሪታንያ ቡድን በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ አንድ ሶቪየት ሠራሽ ፈንጂ አገኘ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አገልግሎት የጀመረው ኤምኤች-53ኢ የተባለው የአሜሪካ ፈንጂ ጠራጊ ሄሊኮፕተር ዛሬ እየተሰናበተ ነው። ቦታውን የሚረከቡት በሄሊኮፕተር ላይ የሚገጠም የሌዘር ጨረር መፈለጊያና ሰው አልባ ጀልባዎች ናቸው። ፈንጂ ማግኘታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ከባዱ ፈተና ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «መንገዱ ነጻ ነው» ሲሉ ካፒቴኑ አምኖ መልህቁን ማንሳቱ ነው።