ማረፊያና ነጋሪ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የመንገድ ዳር መስሕቦች ባሕርይ

ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ መቀሌ በየብስ የሚጓዝ ሰው ኮምቦልቻንና ደሴን በአብዛኛው የሚያውቃቸው በምሳ ወይም በአዳር ነው። የጉዞ ዕቅዱ ታላላቆቹን ቅርሶች ይቆጥራል፤ በመካከል ያሉትን አነስተኛ መስሕቦች ግን በመስኮት ተመልክቶ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን መስሕቦች ባሕርይ ያብራራል። መነሻ ሐሳቡም፣ አንድ ነገር የመንገድ ዳር መስሕብ የሚሆነው በራሱ ብቻ ሳይሆን ማረፊያና ነጋሪ ሲያገኝ ነው የሚል ነው።

የመንገዱ ጠባይ

ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መንገዱ ይህን ልዩነት የሚወጣው በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ሞተርንና ፍሬንን ስለሚፈትን፣ መንገደኛው ባያቅድም እንኳ መቆም የጉዞው አካል ይሆናል። በደቡብ በኩልም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል። ዋሻው ለጦርና ለጭነት ማመላለሻ የተሠራ ቢሆንም፣ ዛሬ መንገደኛ ወርዶ የሚያየው ነገር ሆኗል። ይህም መስሕብነት ከሠሪው ዓላማ ውጪ ሊወለድ እንደሚችል ያሳያል።

ሦስት ዓይነት መስሕቦች

የመጀመሪያው ዓይነት በቀን የተወሰነ ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ አፋር፣ ኦሮሞና አማራ ነጋዴዎች ይገናኛሉ፤ ግመልና ከብት፣ እህልና ጨው ይለዋወጣሉ። በማክሰኞ የደረሰ መንገደኛ ከተማዋን እንጂ መስሕቡን አያገኝም።

ሁለተኛው በሥፍራ የቆመ ነው። በኮምቦልቻ አቅራቢያ የሚገኘው ጌታ፣ ሐጂ ቡሽራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የታወቀ የእስልምና ትምህርትና የዝያራ ማዕከል ነው። በዚሁ አካባቢ ከድንጋይ የተቀረጸ ጥንታዊ የአንበሳ ምስልም ይገኛል። ለእንግዳ ዓይን የሁለቱ ጉርብትና ያልተጠበቀ ነው፤ ለአካባቢው ሰው ግን የሁለቱም ታሪክ የአንድ ሥፍራ ታሪክ ነው። በደሴም ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የተባለው የግብር አዳራሽ አለ። ስሙ አዳራሹ እንግዳን በማዕረግ ሳይለይ ያስተናግዳል የሚል ትርጉም አለው። ይህን ያልሰማ ሰው የሚያየው አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ነው፤ የሰማ ግን የወሎን የግብር ሥርዓት ያያል።

ሦስተኛው በስም የሚኖር ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ሥፍራዎች ስም ነው። ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ውጫሌ ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ጦርነት ያመራው ውል ተፈርሟል። በእነዚህ ሥፍራዎች መንገደኛውን የሚያቆመው በዓይን የሚታየው ሳይሆን አስቀድሞ በጆሮ የገባው ነው።

ንጽጽር

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 በተሰየመው ሩት 66 ዳር የቆሙት ግዙፍ ምስሎችና አስገራሚ ግንባታዎች ብዙዎቹ በነጋዴዎች የተሠሩት ባለመኪናን ለማስቆም ነበር። ከ1956 በኋላ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ከተሞቹን እየዘለሉ ሲያልፉ ገበያቸው ተቀዛቀዘ፤ መንገዱም በ1985 ከአገር አቀፉ መዝገብ ወጣ። የወሎዎቹ ግን ለመንገደኛ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ገበያው ለገበያተኛ፣ ዝያራው ለምእመን፣ አዳራሹ ለግብር ነው። ስለዚህ መንገደኛ ባይቆምም ገበያውና ዝያራው ይቀጥላሉ። አደጋው ያለው የዕለት አገልግሎት በሌላቸው፣ ታሪካቸው በሚያውቅ ሰው ቃል ብቻ በሚኖረው ላይ ነው፤ የጌታው አንበሳ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው።

የመንገድ መሻሻል የሚያስከትለው

የተሻለ መንገድ ለሕመምተኛ፣ ለገበሬና ለፋብሪካ ጥቅሙ አያጠያይቅም። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመርም ጉዞን ለማፍጠን የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ ፍጥነት መጀመሪያ የሚያስቀረው ያልታቀደ ማረፊያን ነው። ማረፊያ ሲቀር ጠያቂ ይቀራል፤ ጠያቂ ሲያጣ ነጋሪው ለልጁ የሚያወርስበት ምክንያት ይሳሳል። በሙዚየም የተሰበሰበውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለውም፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ ሙዚየም ላይ የደረሰው ዘረፋ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለጥናት ዘዴ የሚጠቅም ነው። የቅርስ ምዝገባ ዕቃውንና ልኩን ብቻ ቢይዝ ግማሹን ይተዋል። መንገደኛ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ማን ምን ብሎ እንደሚነግረው አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ይህ ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሾፌሮችን፣ የሻይ ቤት ባለቤቶችንና የአካባቢ ሽማግሌዎችን ቃል በጥንቃቄ መቀበል ይበቃዋል። ጊዜ ግን ይጠይቃል፤ ነጋሪዎቹ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።